ያገለገለ የኮምፒውተር ተጓዳኝ ዕቃ፣ ብዛት አንድ

ያን ቀን ጠዋት አንድ ቤት አፈረስኩ። ሦስት መኝታ ክፍል፣ ሳሎንና ኩሽና ያለው፣ ግቢው ውስጥ ቢጫ ዛፍ የቆመበት ቤት። ለማፍረስ የፈጀብኝ ጊዜ አንድ ብርጭቆ ሻይ ከመጠጣት አይበልጥም፤ እንዲያውም ሻዩን እየጠጣሁ ነው ያፈረስኩት። በግራ እጄ ግማሹ የተበላ ባጌት ይዤ ነበር። ሰው ቤት ሲያፈርስ ቢያንስ ዳቦውን ያስቀምጣል።

ጡብ አልወደቀም፤ አቧራም አልቦነነም። ቤቱ የነበረው ቪአር በሚሉት መነጽር ውስጥ ነው፤ እንደ ዋናተኛ መነጽር ፊት ላይ የሚታሰር፣ ዐይንን ግጥም አድርጎ ዘግቶ ሌላ ቦታ የሚያሳይ ዕቃ። ቤቱን የሠራችው የዘጠኝ ዓመት ልጅ ናት። የሠራችውም ላሳደገቻት ሞግዚት ነው። ያፈረስኩት ደግሞ እኔ፣ በሰባ አራት ዓመቴ፣ ዕቃ ዐዋቂ ነኝ እያልኩ።

ዕቃ ዐዋቂነቴ ከየት እንደመጣ ልናገር። እዚህ ጅቡቲ ወደብ ላይ አርባ ዓመት ትራንዚተር ነበርኩ። ትራንዚተር ማለት ወደ አገር ቤት የሚገባው ዕቃ በወረቀት ላይ ምን ተብሎ እንደሚጠራ የሚጽፍ፣ ከዚያም ጉምሩክ ፊት ቆሞ "ነው!" እያለ የሚከራከር ሰው ነው። ቀረጡ የሚወጣው ከስሙ ነዋ። ስለዚህ ዕድሜዬን በሙሉ አንድ ጥያቄ ብቻ ስጠይቅ ኖርኩ፦ "ይሄ ምንድን ነው?" አንድ ጊዜ ሆዷ ላይ ሰዓት የተገጠመላት አሻንጉሊት መጣች። አሻንጉሊት ናት ወይስ ሰዓት? ሦስት ቀን ተከራክሬ ሰዓት አድርጌ አሳለፍኳት። ጀርባ የሚያሽ ወንበር የሕክምና መሣሪያ ሆኖ ገብቷል፤ ያስገባሁት እኔ ነኝ። ሟች ባለቤቴ ትስቅብኝ ነበር። "እኔንስ በየትኛው አንቀጽ ነው ያስገባኸኝ?" ትለኛለች። "ተሰባሪ ዕቃ" እላታለሁ። ተሰባሪው እኔ እንደነበርኩ ያወቅሁት እሷ ከሄደች በኋላ ነው።

አሁን ካርቲየ 1 በሚሉት ሰፈር ውስጥ አንዲት ጠባብ ሱቅ አለችኝ። ማውስ፣ ኪቦርድ፣ ቻርጀር፣ ገመድ እሸጣለሁ፤ እውነቱን ለመናገር ግን ከምሸጠው ይልቅ በጥላዬ የሚያርፈው ሰው ይበዛል። በየሰው ቤት የሚሠሩ የአገሬ ልጆች ስልካቸውን ቻርጅ ሊያደርጉ ይመጣሉ። አገር ሲገቡ ሻንጣቸው ውስጥ ምን ይዘው ማለፍ እንደሚችሉ ይጠይቁኛል፤ እኔም እንደ ልማዴ አጭር ወረቀት እጽፍላቸዋለሁ። ወረቀቱ ምንም ሥልጣን የለውም። ግን በፈረንሳይኛም በአማርኛም የተጻፈ፣ ከታች የተፈረመበት ነገር ሰውን ያረጋጋል፤ ፈታሹንም፣ ተፈታሹንም።

ያቺ ሞግዚት የመጣችው ሐሙስ ጠዋት ነው። ሠላሳ ስምንት፣ ሠላሳ ዘጠኝ ቢሆናት ነው። አገሯ ከደሴ ወዲያ ነው። ከአንድ የውጭ አገር ቤተሰብ ጋር ዘጠኝ ዓመት ሠርታለች፤ ልጅቷን የተቀበለቻት በአርባ ቀኗ ነው። ቤተሰቡ ባለፈው ሳምንት ከአምቡሊ አውሮፕላን ማረፊያ ተሳፍሮ ላይመለስ ሄዷል። እሷ ቤቱን አጽድታ፣ ቁልፍ አስረክባ፣ እሑድ በባቡር ልትሄድ ነው። ፌስታሉን ባንኮኒዬ ላይ አስቀመጠችው።

"አባባ፣ ይሄን ፍተሻ ላይ ይወስዱብኛል?"

"ምንድን ነው?"

"እኔ ምን አውቄ። ልጅቷ 'ቤታችን' ነው የምትለው።"

"ቤት በፌስታል አይመጣም፣ ልጄ።"

"ይሄኛው መጣ።"

አወጣሁት። ማሰሪያው ተበጥሶ በነጠላ ጥለት ተቀጥሏል። አንዱ መስታወት ተጭሯል። አባትየው አዲስ ሲገዛ አሮጌውን ለልጅቷ ሰጣት፤ ልጅቷም እሷ ብቻ የምትገባበት ቤት ስትሠራበት ከረመች። በሁለት እጅ የሚያዙ ሁለት መያዣዎች አሉት፤ አንዱን ጫን ሲሉት እንደ ብሩሽ አየር ላይ ቀለም ይተዋል። ልጅቷ መሄጃዋ ሲደርስ መነጽሩን ለሞግዚቷ አስረከበቻት።

"ይልበሱት እስቲ" አለችኝ። የራሴን መነጽር ግንባሬ ላይ ረስቼው ስለነበር መጀመሪያ ሁለቱን አጋጨኋቸው። እሷ ሳቀች። ከዚያ ሱቄ ጠፋ።

እንዴት ብዬ ልንገራችሁ? ግድግዳዎቹ ከአረንጓዴ ክር የተፈተሉ ይመስላሉ። ክሮቹ በአየር ላይ ቆመዋል፤ መሐላቸው ክፍት ነው፤ ቢሆንም ግድግዳ ናቸው፤ ሰው አልፎ መሄድ ያሳፍረዋል። እሷ ውጭ ቆማ ትመራኛለች።

"አሁን የት ነዎት?"

"ሳሎን መሰለኝ።"

"ሶፋው ትንሽ ነው አይደል? እሷ ሶፋውን አትወደውም። ወደ ግራ ይዙሩ። አይ አባባ! ያ ቀኝ ነው።"

"እዚህ ውስጥ ግራና ቀኙ ተቀያይሯል።"

"የተቀያየረውስ እርስዎ ጋ ነው። አሁን የእናትና አባቷ መኝታ ቤት ነው። አለፉት? ከዚያ ኩሽና። ድስቱ ይጨሳል?"

ይጨስ ነበር፤ ሦስት ግራጫ ጥቅልሎች። በዚህ መሐል ከቬንቲላተሩ ጋር በግንባሬ ተላተምኩ። ቬንቲላተሩ ተርፏል።

ከኩሽናው ጀርባ አንድ በር አለ። ስገባ ዝም አልኩ። እሷም የት እንደደረስኩ ከዝምታዬ አወቀች። ያ የእሷ ክፍል ነበር። በቤቱ ውስጥ ካሉት ክፍሎች ሁሉ ትልቁ። ሳሎኑን ሁለት ጊዜ ይውጠዋል። ጣሪያውን ለማየት አንገቴ ተጣመመ። በአራቱም ግድግዳ መስኮት አለ፤ በአራቱም መስኮት ባሕር ይታያል።

"እውነተኛው ክፍሌ" አለች፣ ድምፅዋ ከባሕሩ ወዲያ እየመጣ፣ "እግሬን ስዘረጋ በሩ አይዘጋም ነበር። መስኮትም የለውም። እሷ ግን እንደዚህ አድርጋ ሠራችው።"

"አልጋው ሥር ሐምራዊ ሣጥን አለ" አልኩ።

"እንዳይነኩት!" ክንዴን ያዘችኝ። "እሱን እኔም አላየሁትም። 'ቤትሽ ስትደርሺ ጭንቅላትሽን አስገብተሽ ታይዋለሽ፤ እዚህ አይደለም፤ ቤትሽ' ብላኛለች። አስምላኛለች።"

መነጽሩን አወለቅሁ። ስለ ልጅቷ ስጠይቃት ቀስ ብላ ነገረችኝ። እናትየዋ መጥፎ ሴት አይደለችም። ስትሰናበታት አልቅሳለች። ግን "ልጅ ቶሎ ይረሳል፤ እባክሽ ለጊዜው አትደውዪላት፤ እንዳይከብዳት" ብላታለች።

"አንቺስ?"

"እኔማ ልጅ አይደለሁ" አለች።

ከዚያ መነጽሩን በመዳፏ ጠራረገችው። "ዘጠኝ ዓመት ሠርቼ በእጄ ያለው ልብሴና ይሄ ነው። ልብሱን ቢወስዱት ግድ የለኝም።"

እኔም ደረቴን ነፋሁ። "ማንም አይወስድብሽም። ይሄ የኮምፒውተር ተጓዳኝ ዕቃ ነው። እንደ ማውስ፣ እንደ ኪቦርድ። ያገለገለ ማውስ ማን ይቀማል? እስከ ቅዳሜ ተዪልኝ፤ ወረቀቱን አዘጋጅልሻለሁ፤ ማሰሪያውንም እሰፋዋለሁ።" ትታልኝ ሄደች። አንድ ጊዜ ዞር ብላ ፌስታሉን አየችው።

ከሰዓት በኋላ ከተማው በሩን ዘግቶ ጫት ሲቅም፣ እኔም ፌስታሌን ይዤ ወደ በርጫዬ ሄድኩ። እዚያ አንድ ወዳጅ አለኝ፤ በሥራ ዘመናችን የጉምሩክ ተቆጣጣሪ ነበር፤ የዚሁ ከተማ ልጅ፤ ሶማልኛውን በፈረንሳይኛ፣ ፈረንሳይኛውን በአማርኛ እያጣቀሰ የሚናገር። አርባ ዓመት እኔ "ነው" ስል እሱ "አይደለም" ሲል ኖረናል። አሁን ሁለታችንም ጡረታ ወጥተን የምንከራከርበት ዕቃ ስላጣን፣ መነጽሩን ምንጣፉ ላይ ሳስቀምጠው ዐይኑ በራ።

"ወርያ ሽማግሌ! ምንድን ነው ይሄ?"

"የኮምፒውተር ተጓዳኝ ዕቃ።"

"አይደለም።"

"ሳታየው?"

"አንተ አመጣኸው፤ በቃ አይደለም።" አገላበጠው። "ገመዱ የታለ?"

"ገመድ የለውም። የዛሬ ማውስም ገመድ የለውም።"

"ማውስ ያለ ኮምፒውተር ምን ያደርጋል?"

"ይተኛል።"

"ይሄስ?"

"ይሄ... ይሠራል።"

"ኮምፒውተሩ የት አለ?"

"ከባለቤቶቹ ጋር ሄዷል።"

"እሺ፣ ጌታው ከሄደ አሽከሩ ብቻውን እንዴት ይሠራል?"

"ለምዶ ነዋ!" አልኩ። "አሽከር ጌታው ቢሄድም ቤቱን ይጠርጋል።"

ቤቱ በሳቅ ሞላ። እኔም ስቄ ትራሴን አስተካከልኩ። በዚያው ሰዓት እዚያ ባዶ ቤት ውስጥ ብቻዋን ወለል ስትወለውል የነበረች ሴት እንዳለች ያስታወስኩት ማታ ጫማዬን ሳወልቅ ነው።

ክርክሩ ግን ያን ቀን በእኔ አሸናፊነት ተዘጋ። ሕጌን አወጣሁ፤ ለዓመታት የማልኩበት ሕግ ነው። "ተጓዳኝ ዕቃ የራሱ የሆነ ምንም የለውም" አልኩት። "ያለው ሁሉ የኮምፒውተሩ ነው። ማውስ ተሰብሮ ያለቀሰ ሰው አይተህ ታውቃለህ? ነቅለህ ጥለህ ሌላ ትሰካለህ። የሚጠፋ ነገር የለም። ቤቱ ያለው ሌላ ቦታ፣ ትልቁ ኮምፒውተር ውስጥ ነው፤ ይሄ መስኮቱ ነው።" ወዳጄ አንድ ቅጠል መርጦ ጎረሰና "መስኮት ከሆነ ማዶውን ፈልግ" አለኝ። እኔ አፌን እንጂ ጆሮዬን ይዤ አልሄድኩም ነበር።

ዓርብ ሱቅ ዝግ ነው። ማሰሪያውን ልሰፋ ብዬ ከውስጥ ቆልፌ ተቀመጥኩ። ሰፋሁት። ሰፍቼ ስጨርስ መሄድ ነበረብኝ።

እኔ በአርባ ዓመት ማኅተም ሰብሬ አላውቅም። ሣጥን ከፍቻለሁ፤ የምከፍተው ግን ተቆጣጣሪው ቆሞ፣ ባለቤቱ እያወቀ ነው። የታሸገ ዕቃ ለእኛ እንደ ሰው ሚስት ነው። ማኅተም እንድሰብር ስንት ጊዜ ጉቦ ቀርቦልኝ እምቢ ብያለሁ። ዓርብ ዕለት ግን ያቀረበልኝም አልነበረም፤ በነጻ ነው የሰበርኩት። ሐሙስ ያየሁት ያ ትልቅ ክፍል ሌሊቱን ከዐይኔ አልጠፋ ብሎ ነበር። ደግሞ አንድ ድምፅ "ይዘቱን ሳታውቅ እንዴት ወረቀት ትጽፋለህ?" አለኝ። ድምፁ የእኔው ነው፤ የሥራ ልብስ ለብሶ ነው የመጣው።

መነጽሩን አጠለቅሁ፤ መያዣዎቹን ጨበጥኩ፤ በሳሎኑ አልፌ፣ በኩሽናው አልፌ፣ ከአልጋው አጠገብ ተንበረከክሁ። ጉልበቴ ጮኸ። ጭንቅላቴን ወደ ሐምራዊው ሣጥን አስገባሁ።

አየሁት።

ምን እንደሆነ ለመረዳት ጥቂት ጊዜ ፈጀብኝ። ከገባኝ በኋላ ተንበርክኬ ቀረሁ፤ ሽማግሌ ሰው በተዘጋ ሱቅ ውስጥ፣ ፊቱን ታስሮ፣ ወለሉ ላይ ጎንበስ ብሎ።

ልነሣ ስል ነው ጥፋቱ የመጣው። ሚዛኔን ለመጠበቅ ቀኝ እጄን ጨበጥ አደረግሁ። መያዣው መጨበጥን ሣል ማለት አድርጎ ነው የሚረዳው። ከእጄ ቀይ መስመር ወጣ። እጄ እንደሚንቀጠቀጥ አውቃለሁ፤ ሻይ ሲያፈስ አየዋለሁ፤ እንደዚህ ተጽፎ ግን አይቼው አላውቅም። መንቀጥቀጤ አልጋውን አቋርጦ፣ ሣጥኑን ወግቶ፣ እስከ አንደኛው ባሕር ድረስ በአየር ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ። ላጠፋው ስሞክር ሌላ ጨመርኩ። ሌላውን ሳጠፋ ሦስተኛ። በመጨረሻ፣ አትስቁ፣ መሐረቤን አውጥቼ አየሩን ጠረግሁት።

ሌሊቱን ስገላበጥ አድሬ ቅዳሜ ጠዋት ሕጌ አዳነኝ፤ አዳነኝ ብዬ አሰብኩ። ተጓዳኝ ዕቃ ሲያስቸግር ምን ይደረጋል? ይነቀላል፣ ይጸዳል፣ እንደገና ይሰካል። ትክክለኛው ነገር ከኮምፒውተሩ ተመልሶ ይመጣል። ቤቱ ትልቁ ኮምፒውተር ውስጥ ካለ፣ ይሄን ባጸዳው ቤቱ ያለ ቀይ መስመር፣ ያለ እኔ ጉልበት አሻራ፣ እንደ ታሸገ ይመለሳል። ማንም አያውቅም። ደግሞም የድሮ ልማዳችን ነው፤ ያገለገለ ዕቃ ድንበር ከመሻገሩ በፊት ውስጡ ይጸዳል፤ ባዶ ዕቃ አያስከስስም።

ባጌቴን ገዛሁ፤ ሻዬን ቀዳሁ፤ ማጥፊያውን ፈልጌ አገኘሁት። መነጽሩ በፈረንሳይኛ "ውስጡ ያለው ሁሉ ይጠፋል፤ እርግጠኛ ነዎት?" ብሎ ጠየቀኝ። አዎን አልኩት። እንደገና ጠየቀኝ። እኔ ለጉምሩክ ሰው እንኳ ሁለተኛ ጊዜ ሲጠይቀኝ ድምፄን ከፍ የማደርግ ነኝ። አዎን!

ከዚያ ነጭ ሆነ። ቆይቶ "እንኳን ደህና መጡ" አለኝ፤ አይቶኝ እንደማያውቅ።

ቤቱ እስኪመለስ ጠበቅሁ። ሻዩ ቀዘቀዘ፤ በዚህ ከተማ ሻይ እስኪቀዘቅዝ መጠበቅ ቀላል ትዕግሥት አይደለም። የቀትር አዛን ተሰማ። አልተመለሰም። ለወዳጄ ደወልኩለት።

"ከማዶ ምንም የለም" አልኩት።

"ገመዱ የታለ ብዬህ ነበር" አለ። ቀጥሎ ይሰድበኛል ብዬ ጠበቅሁ። ዝም አለ። ካወቅሁት ጀምሮ ሲያሸንፍ ዝም ያለው የዚያን ዕለት ብቻ ነው።

እሷ ከቀትር በኋላ መጣች። ለአገር ቤት ጉዞ ፀጉሯን ተሠርታለች። ውሸቴን አዘጋጅቼ ነበር፤ ጥሩ ውሸት ነው፤ በዚህ በጋ እዚህ ከተማ ማንም የሚያምነው።

"ልጄ፣ ትናንት መብራት ሄዶ ሲመጣ... ዕቃው ተመታ። ውስጡ ያለው ጠፋ።"

መነጽሩን አጠለቀችው። ነጩ ውስጥ ቆመች። አንድ እጇን ዘርግታ በሩ ሊኖር የሚገባበትን ቦታ ዳሰሰች፤ የኩሽናውን፣ ከዚያ የራሷን። እጇ የሚያውቀው መንገድ ነው። አወለቀችና ዐይኗን ጠረገች።

"አይዞዎት አባባ" አለችኝ። "መብራት ምን ይደረጋል? እርስዎ ምን አጠፉ?"

ብትሰድበኝ ውሸቴን ይዤ እሞት ነበር። አይዞህ ስባል አልቻልኩም። ሁሉንም ነገርኳት፦ ሕጌን፣ ቀዩን መስመር፣ ሁለት ጊዜ አዎን ማለቴን። ጭንቅላቴን ወደ ሣጥኑ ማስገባቴን ግን ዘለልኩት። እሷ ባንኮኒው አጠገብ ያለችው በርጩማ ላይ ተቀመጠች። አንድ ሰው ቻርጀር ሊገዛ ገብቶ ፊታችንን አይቶ ወጣ።

"ከእኔና ከእሷ ሌላ እዚያ ቤት የገቡት እርስዎ ብቻ ነዎት" አለች በመጨረሻ። "ወረቀት ያውጡ። እንዳልረሳው ይጻፉልኝ።"

ጻፍን። እንደ ዕቃ ዝርዝር አድርጌ ነው የጻፍኩት፤ ሌላ አጻጻፍ አላውቅም። ግድግዳ፣ አረንጓዴ። ዛፍ፣ አንድ፣ ቢጫ። ድስት፣ አንድ፣ የሚጨስ። ሶፋ፣ ትንሽ፣ የማይወደድ። እሷ ትላለች፤ እኔ እጽፋለሁ፤ አንዳንዴም እኔ እላለሁ።

"መጋረጃው ላይ ነጠብጣብ ነበር።"

"ዓሣዎች ናቸው። ዐይን የለዎትም እንዴ?"

"ዓሣ፣ ብዛት?"

"ሰባት። አንዱ ጅራት የለውም፤ ደክሟት ነው የተወችው።"

ዓሣ፣ ሰባት፣ አንዱ ጅራት የሌለው። እንዲህ እያልን የእሷ ክፍል ደረስን። መስኮት፣ አራት። ባሕር፣ አራት። አልጋ፣ አንድ። እዚህ ላይ ብዕሬ ቆመ።

"ሣጥን፣ አንድ" አለች።

"ሐምራዊ" አልኩ።

"ይዘቱን አላውቅም። ባዶ ይተዉት።"

ባዶ ልተወው እችል ነበር። ብዕሬን አስቀመጥኩ። "አይቼዋለሁ" አልኳት።

እስከዚያች ደቂቃ ድረስ አልተቆጣችም ነበር። አሁን ቆመች።

"አርባ ዓመት የሰው ሣጥን ሲከፍቱ ኖረው፣ የእኔን አንዷን ማለፍ አቃተዎት?"

"አቃተኝ።"

"እኔ'ኮ ስምንት ቀን በሙሉ ከአጠገቡ ተኝቻለሁ! ሌሊት መነጽሩን አጥልቄ አልጋው ሥር አያለሁ፤ አልነካውም። 'ቤትሽ' ብላኛለቻ! ሽበትዎ አያሳፍርዎትም?"

ያሳፍረኛል አልኳት። ሌላ ምን ይባላል? አፌን ከፈትኩ፤ ቢያንስ ይዘቱን ልንገራት፤ የሰረቅሁትን ልመልስ። እጇን አፌ ፊት አቆመችው። መዳፏ የበረኪና ሽታ ነበረው።

"አይንገሩኝ። እዚህ አይደለም።" ትንፋሿን ሰበሰበች። "ቤቴ ስደርስ እደውልልዎታለሁ። በር ዘግቼ፣ ቁጭ ብዬ። ያን ጊዜ ይነግሩኛል። ልጅቷ እንዳለችው ይሁን።"

እሑድ ናጋድ ባቡር ጣቢያ ድረስ ሸኘኋት። ሻንጣዋን ልያዝላት ብል እሷ እኔንም ሻንጣውንም ይዛ ሄደች። ፍተሻው ላይ ዘቡ መነጽሩን አውጥቶ ምን እንደሆነ ጠየቃት። ወረቀቴን ሰጠችው፦ "ያገለገለ የኮምፒውተር ተጓዳኝ ዕቃ፣ ብዛት አንድ።" ዘቡ አጠለቀው። ነጭ። አወለቀው። "ባዶ ነው'ኮ" አላት። "አዎ" አለችው። መለሰላት።

ስንት ዘመን ወረቀቱን ከዕቃው ጋር ለማስማማት ስጥር ኖሬ፣ ዕቃውን ከወረቀቱ ጋር ያስማማሁት ያን ጊዜ ነው። ሐሙስ ስናገረው ውሸት ነበር፤ ቅዳሜ እውነት አደረግሁት። የራሱ የሆነ ምንም የለውም፤ ቢሰበር የሚያለቅስለት የለም። ሲያመጣችው ግን ቤት ነበር። በየትኛው አንቀጽ እንደሚገባ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ወዳጄም ጠይቆኝ አያውቅም።

ከመሳፈሯ በፊት እጄን ሳመችው፤ ያልተገባኝን። "ስልክዎን እንዳያጠፉ" አለችኝ።

ዛሬ አሥራ ስድስተኛ ቀኑ ነው። ባቡሩ አንድ ቀን ነው የሚፈጀው፤ ከዚያ አውቶቡስ አለ፤ ከዚያ በእግር የሚወጣ ዳገት አለ ብላኛለች። መንገድም ይዘጋል፤ ኔትወርክም ይጠፋል። ወይ ደርሳ፣ በሩን ዘግታ፣ ቁጭ ብላ፣ ገና ልቧ አልደፈረ ይሆናል። ወይም "ቤቴ" የምትለው ቤት ውስጥ ገብታም ቤቷ መሆኑ ገና አልተሰማት ይሆናል። የሰጠችኝን ቁጥር ሁለት ጊዜ ሞከርኩት፤ አይሠራም። ሦስተኛ አልሞክርም፤ የምትደውለው እሷ ናት፤ ውላችን እንደዚያ ነው።

ስልኬን ቻርጀሩ ላይ ሰክቼ ነው የምውለው፤ ሱቄ ውስጥ ካሉት ቻርጀሮች ሁሉ ደህናውን ለራሴ አድርጌዋለሁ። የምፈራው ኔትወርኩን ብቻ አይደለም፤ ይሄንንም ራሴን ነው። መነጽሬን ግንባሬ ላይ አድርጌ መነጽሬን የምፈልግ ሰው ነኝ። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት ሱቁን ሳልከፍት ሣጥኑ ውስጥ ያየሁትን ለራሴ አንዴ እለዋለሁ፤ ከንፈሬን ሳላንቀሳቅስ። ወረቀት ላይ አላሰፈርኩትም። ለወዳጄ አልነገርኩትም። እናንተም አትቀየሙኝ፤ አንድ ማኅተም ሰብሬያለሁ፤ ሁለተኛ አልሰብርም።

ትልቅ ነገር አይደለም። ተናግሬው ስጨርስ አንድ ትንፋሽ አይፈጅም። በዝርዝሩ የመጨረሻ መስመር ላይ በእጄ ጽፌላታለሁ፦ "ሣጥን፣ ሐምራዊ፣ አንድ። ይዘቱ በቃል ይነገራል።" ከሥሩ ፈርሜያለሁ። የምነግራት ያቺ አንዲት ዓረፍተ ነገር እስከ ዛሬ እኔ ጋ ናት፤ የእሷን ዕቃ ይዤ ተቀምጫለሁ።